የኤሲ ፊልትሮ፦ ከፋብሪካው በር እስከ ሶማሌ ተራ መደርደሪያ

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ የፊልትሮ ነጋዴው መደርደሪያ ቀስ በቀስ መልኩን መለወጡ አይቀርም። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት ፊልትሮ የለውም። የቤንዚን ወይም የናፍጣ ፊልትሮ የለውም፤ የሞተር አየር ማጣሪያም የለውም። የሚተርፈው አንድ ነው፦ ተሳፋሪው የሚተነፍሰውን አየር የሚያጣራው የኤሲ ፊልትሮ። ይህ ዕቃ ግን በገበያችን እስከ ዛሬ እንደ ምርቃት ነው የሚታየው። «ካለ አስገባለት፣ ከሌለም ይሄዳል» ይባልና ይታለፋል። ጥራቱን የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት በመሆኑ፣ ሲያዝ ጥራቱን በጽሑፍ የሚያሰፍር አስመጪም ጥቂት ነው። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ በኋላ ደግሞ አንድ የተሳሳተ ትዕዛዝ የሚያስከፍለው ዋጋ ከበፊቱ በጣም ጨምሯል።

በመጀመሪያ ዕቃዎቹን እንለይ። «የመኪና አየር ማጣሪያ» ተብለው የሚሸጡት ሁለት ናቸው። አንዱ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ የሚገባው እጥፍጥፍ ፊልትሮ ነው። ሌላው በሲጋራ መለኮሻው ወይም በዩኤስቢ የሚሠራ፣ ኩባያ ማስቀመጫው ላይ የሚቆም መብራት ያለው ትንሽ መሣሪያ ነው። ደንበኛ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ይጠይቃል፤ ሒሳቡ የሚያደላው ግን ለመጀመሪያው ነው። አንድ ቪትዝ ወይም ዲዛየር ውስጡ ወደ 3 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ትንሹ መሣሪያ በሰዓት የሚያጣራው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ ያንን አየር አንዴ ለማዳረስ ከ12 እስከ 18 ደቂቃ ይፈጅበታል። መኪናው እየሄደ ከሆነ ደግሞ የውጭው አየር ከዚያ ቀድሞት ይገባል። የመኪናው የራሱ ማራገቢያ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ በሰዓት ከ300 ሜትር ኩብ በላይ ይገፋል፤ ሙሉውን አየር አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በፊልትሮው ያሳልፈዋል። ስለዚህ ደንበኛው ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ጥሩ ፊልትሮ ይግዛ። ይህንን በግልጽ የሚነግር ሻጭ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣለታል።

ፊልትሮው እጅ ላይ ሲያዝ ወረቀት ይመስላል እንጂ ወረቀት አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ፕላስቲክ ቀልጦ፣ በሙቅ አየር እየተነፋ እንደ ሸረሪት ድር ከቀጠነ በኋላ የሚነጠፍ ጨርቅ ነው፤ በፋብሪካ ቋንቋ ሜልትብሎን ይሉታል። ከዚያ በላዩ ላይ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይደረግበታል። ሞገሱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዓይን የማያየውን ደቃቅ ብናኝ፣ ፒኤም 2.5 የሚባለውን፣ በብዛት የሚይዘው ይህ ቻርጅ ነው። ቻርጁ ከጠፋ ፊልትሮው ቅጠልና ትልልቅ አቧራ ማስቀሪያ ወንፊት ይሆናል።

ጋራዥ ውስጥ የተለመዱት ሁለት ነገሮች ፊልትሮን የሚገድሉት በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ማጠብ ነው፤ ውሃና ሳሙና ቻርጁን ያጠፋል። ሁለተኛው በኮምፕሬሰር መንፋት ነው፤ ከጎማ መንፊያው የሚወጣው ግፊት ቀጫጭኑን ክር ይበጥሳል፣ እጥፋቱን ከሙጫው ያላቅቃል። ከተነፋ በኋላ ነጣ ብሎ ስለሚታይ የጸዳ ይመስላል። ወደ መብራት አዙራችሁ ብታዩት ግን በመርፌ የተወጋ ያህል ብርሃን የሚያሳልፉ ነጠብጣቦች ታገኛላችሁ። «ታጥቦ የሚሠራ» ተብሎ የሚሸጥ ነጭ ፊልትሮ ካጋጠማችሁ፣ ከመጀመሪያውም ቻርጅ የሌለው ተራ ጨርቅ ነው ብላችሁ ብትጠረጥሩ አትሳሳቱም።

የሜልትብሎን ጨርቅ የፊት ጭንብልም መሥሪያ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ዓለም ሁሉ ጭንብል ሲፈልግ በቻይና ዋጋው ከአሥር እጥፍ በላይ ንሮ ነበር። እንዲህ ያለ እጥረት ሲመጣ ርካሽ ፊልትሮ የሚሠራ ሰው ቻርጅ ያለውን ንብርብር ያስቀርና በተራ ጨርቅ ይተካዋል። ከላይ ሲታይ ልዩነት የለውም። ዛሬም ቢሆን ዋጋ በጣም ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው ነው።

ጥቁሩ ወይም ግራጫው ፊልትሮ ከጨርቁ በተጨማሪ ካርቦን አለው። ካርቦኑ ከኮኮናት ቅርፊት ወይም ከድንጋይ ከሰል ይሠራል፤ ሥራውም የናፍጣ ጭስን፣ ሽታንና ጋዝን መያዝ ነው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። ለምሳሌ 215 በ194 ሚሊሜትር የሆነ፣ 29 ሚሊሜትር ውፍረትና 30 እጥፋት ያለው ፊልትሮ ቢዘረጋ ጨርቁ ወደ 0.34 ካሬ ሜትር ይሆናል። በካሬ ሜትር 200 ግራም ካርቦን ከተደረገበት ካርቦኑ ብቻ 67 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 50 ግራም ብቻ ከተደረገበት 17 ግራም ነው። ሁለቱም «አክቲቭ ካርቦን» ተብለው፣ በአንድ ዓይነት ካርቶን፣ ጎን ለጎን ይሸጣሉ። በሱቅ ውስጥ የኩሽና ሚዛን ማስቀመጥ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት የበለጠ ይጠቅማል። መጠናቸው አንድ የሆኑ ሁለት ፊልትሮዎች 50 ግራም ከተለያዩ፣ አንደኛው በብዛት ቀለም ነው። ሚዛን ከሌለ አንድ ናሙና በምላጭ ቅደዱ፦ እውነተኛው በሁለት ጨርቅ መካከል እንደ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ ፍሬ ይታይበታል፤ የውሸቱ ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነው። የካርቦን ፊልትሮ በፕላስቲክ ታሽጎ መቀመጥ አለበት። ከረጢቱ ተቀዶ ከዘይትና ከጎማ ጋር ለወራት የቆየ ፊልትሮ የመጋዘኑን ሽታ ጠጥቶ ጨርሷል፤ መኪና ውስጥ ሲገባ የሚይዝበት ቦታ አይተርፈውም።

እጅግ ደቃቅ ብናኝን ያስቀራል ስለሚባለው የማጣሪያ ዓይነት፣ ስለ «ሄፓ»፣ አንድ ነገር እንበል። በአውሮፓ ደረጃ ኤች13 የሚባለው የሄፓ ዓይነት ለመያዝ እጅግ አስቸጋሪ ከሆነው መጠን ብናኝ 99.95 በመቶውን ማስቀረት አለበት። ይህንን በ29 ሚሊሜትር ቀጭን ቦታ ውስጥ ብታስገቡት አየሩ ይታፈናል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ከቀዳዳዎቹ የሚወጣው ነፋስ ግን ደካማ ይሆናል። ቴስላ በ2015 እ.ኤ.አ. በሞዴል ኤክስ ላይ ሄፓ ሲያስገባ፣ ኩባንያው ራሱ እንደገለጸው ፊልትሮው ከተለመደው ወደ አሥር እጥፍ የሚተልቅ ነበር። ስለዚህ ለቪትዝ የሚሆን «ኤች13» የሚል ካርቶን ሲቀርብላችሁ የምርመራ ወረቀቱን ጠይቁ። ሲኤን95 የሚለው ጽሑፍ የቻይና የመኪና ፊልትሮ መለኪያ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ዕቃ ከሄፓ የበለጠ የሚታመን አባባል ነው።

ወደ አቅርቦቱ እንምጣ። ወደ እኛ የሚደርሰው አብዛኛው ርካሽና መካከለኛ ዕቃ ከቻይና ሲሆን፣ ከሚመረትባቸው ሰፈሮች ሁለቱን ማወቅ ይጠቅማል፦ በሄቤይ ክፍለ ሀገር ያለው ቺንግሄ እና በዠጂያንግ ያለው ሩይአን። የቺንግሄ ዕቃ በቲያንጂን ወደብ፣ የሩይአን ደግሞ በኒንግቦ ወይም በሻንጋይ ይወጣል። ትንንሾቹ የዩኤስቢ መሣሪያዎች በብዛት የሚመጡት ከሼንዘንና ከዶንግጓን ነው። «ፋብሪካ ነን» የሚል ሁሉ ፋብሪካ አይደለም፤ አንድ ሻጭ ፊልትሮም፣ የዝናብ መጥረጊያም፣ ፍሬንም በአንድ ዝርዝር ካቀረበላችሁ ገዝቶ የሚሸጥ ነው። ጥፋት የለበትም፤ ግን የጨርቁን ግራም ቢጠየቅ አያውቀውም።

ሁለተኛው መንገድ ዱባይ ነው፤ ዴይራ ካሉ የጅምላ ሱቆች ወይም ከሻርጃ። ጥቅሙ ከእያንዳንዱ ሞዴል 20 ወይም 50 ፍሬ ቀላቅሎ መግዛት መቻሉ ነው፤ ፋብሪካ ግን በአንድ ሞዴል ከ100 እስከ 500 ፍሬ ካላዘዛችሁ ብዙ ጊዜ አያናግራችሁም። ጉዳቱ ዕቃው ሁለትና ሦስት እጅ አልፎ መምጣቱ ነው። የታወቀ ብራንድ ካርቶን ውስጥ የማን ሥራ እንዳለ ማረጋገጥ ይከብዳል። ኦርጅናል ነው ተብሎ ከተሸጠላችሁ ካርቶኑን ሳይሆን ፊልትሮውን መርምሩ፦ የእጥፋቱ ርቀት እኩል ነው? ጠርዙ ላይ የተለጠፈው ስፖንጅ ወይም ጨርቅ ማዕዘኑ ላይ ተገናኝቷል? ቁጥሩ ፍሬሙ ላይ ታትሟል ወይስ ካርቶኑ ላይ ብቻ ነው?

ቁጥር ካነሳን፣ የቶዮታ የኤሲ ፊልትሮ መለያ በብዛት በ87139 ይጀምራል፣ የሃዩንዳይና የኪያ በ97133፣ የሆንዳ በ80292። ከመጀመሪያዎቹ አምስት አሃዞች በኋላ ያለው ነው ሞዴሉን የሚለየው። የቶዮታ አንድ መጠን ብዙ ሞዴሎችን ስለሚያዳርስ ለጀማሪ አስመጪ ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው።

የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ወደ አገራችን የገቡት ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ለምሳሌ የቮልስዋገኑ አይዲ.6 ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ነው፤ አይዲ.4 ደግሞ እዚያው ቻይና ውስጥ በሁለት ሽርክና ፋብሪካዎች በሁለት ስም ተመርቷል። በአውሮፓ ዝርዝር ላይ ያገኛችሁትን ቁጥር ይዛችሁ ካዘዛችሁ ልትስቱ ትችላላችሁ። የመኪናውን 17 አሃዝ የሻንሲ ቁጥር ለሻጩ ላኩ፤ ከዚያም የወጣውን አሮጌ ፊልትሮ በካሊፐር ለክታችሁ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ውፍረቱን በሚሊሜትር ጻፉ። አንዳንዶቹ ሁለት ፊልትሮ አላቸው፣ አንዱ ከኮፈኑ ሥር፣ አንዱ ከውስጥ። አንዱን ብቻ ይዞ የሚመጣ ነጋዴ ደንበኛውን በግማሽ ነው የሚሸኘው።

ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት አሥር ናሙና አስመጡና ለኩ፣ መዝኑ፣ አንዱን ቅደዱ። ከዚያ በፕሮፎርማው ላይ «የመኪና ፊልትሮ» ብቻ እንዳይጻፍ። የእያንዳንዱ መለያ ቁጥር፣ መጠኑ ከ1 ሚሊሜትር ያልበለጠ ልዩነት፣ የእጥፋት ብዛት፣ የካርቦኑ ግራም በካሬ ሜትር እና የአንድ ፍሬ ክብደት ይስፈር። ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚገባው የክፍያ ዋስትና) ሲከፈት ባንክ የሚያየው ወረቀቱን ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ጥራት ዕቃው ሲደርስ አይጠየቅም። ባለ 200 ግራም ካርቦን አሳይቶ ባለ 50 የሚልክ ሻጭ የሚያመልጠው በዚህ ቀዳዳ ነው።

ማሸጊያውንም ራሳችሁ ወስኑ። ፊልትሮ ቀላል ሆኖ ሳለ ቦታ ይበላል። ካርቶኑ 22 በ20 በ3.2 ሴንቲሜትር ቢሆን መጠኑ 1,408 ሴንቲሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ በስሌት 710 ይይዛል፤ የውጭ ካርቶኑና ክፍተቱ ሲቀነስ 600 ያህል ቁጠሩ። 2,000 ፍሬ ማለት እንግዲህ ከ3 ሜትር ኩብ ትንሽ በለጥ ይላል፤ ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር ተዳብሎ የሚመጣ ነው። በአውሮፕላን ከሆነ በ6,000 ተካፍሎ እያንዳንዱ 235 ግራም ያህል ይታሰብበታል፣ ፊልትሮው ራሱ 150 ግራም ቢሆንም እንኳ። ይህንን ለመቀነስ ብለው አየሩን መጠው የሚያሽጉ አሉ። እሺ አትበሉ። የተጨመቀ እጥፋት ተመልሶ አይቃናም፤ እርስ በርሱ ተጣብቆ አየር የሚያልፍበትን ስፋት ይቀንሳል።

ጭነት ላይ ሁለት ወረቀቶች ይረሳሉ። ካርቦን ዩኤን 1362 በሚል የአደገኛ ዕቃዎች መለያ ቁጥር በራሱ ሊግል ከሚችል ዕቃ ስለሚመደብ፣ የመርከብ ድርጅቱ የካርቦን ፊልትሮ ሲያይ የደህንነት መረጃ ወረቀትና የምርመራ ውጤት ሊጠይቅ ይችላል፤ በእንፋሎት የተሠራ ካርቦን ምርመራውን ካለፈ እንደ ተራ ዕቃ ይጫናል። ባትሪ ያላቸው ትንንሽ መሣሪያዎች ደግሞ በዩኤን 3481 ሥር ናቸው፤ የባትሪው ዩኤን 38.3 ምርመራ ወረቀት ከሌለ ጭነቱ መነሻው ላይ ይቀራል። ባትሪ አልባ፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ምረጡ፤ ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀርላችኋል።

በጉምሩክ ኮዱን ራሳችሁ እወቁት። የሞተር አየር ማጣሪያ 8421.31 ነው። የኤሲ ፊልትሮ የሞተር አይደለም፤ የሌላ አየር ማጣሪያ 8421.39፣ የማጣሪያ ክፍሎች ደግሞ 8421.99 ናቸው። «ፊልትሮ ነው» ተብሎ ሁሉም በአንድ መስመር ሲገባ ፍተሻ ላይ ክርክር ይነሳል፤ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የሚቆምበት ቀን ሒሳብም የእናንተ ነው። ትራንዚተሩ (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚው) ዲክላራሲዮኑን ከመሙላቱ በፊት ናሙናና ፎቶ ስጡት።

ሒሳቡ እንዲህ ይደራረባል። ዕቃው ከነማጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ 100 ብር ቢሆንና ቀረጡ ለምሳሌ 20 በመቶ ቢሆን 120 ይሆናል። ቫት 15 በመቶ በዚህ ላይ ስለሚሰላ 18 ብር፣ ድምሩ 138። ሱር ታክስ የሚባለው ተጨማሪ ግብር 10 በመቶ በ138ቱ ላይ ነው፤ 13.80። ዊዝሆልዲንግ (በቅድሚያ የሚያዘው ግብር) 3 በመቶ ግን በመጀመሪያው 100 ላይ ብቻ ነው፤ 3 ብር። ከእጃችሁ የሚወጣው 154.80 ነው። ቫቱ ከሽያጭ ቫት፣ ዊዝሆልዲንጉ ከዓመቱ የትርፍ ግብር የሚቀናነሱ ስለሆኑ የዕቃው ወጪ አድርጋችሁ ዋጋ አትሥሩበት፤ ጥሬ ገንዘቡ ግን ቀድሞ መገኘት አለበት። ሌሎች ክፍያዎችም ሊጨመሩ ስለሚችሉ ሙሉ ዝርዝሩን ከትራንዚተሩ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጊዜውም ዋጋ አለው። የአቧራው ወቅት ከጥቅምት ጀምሮ ስለሆነ ዕቃው በመስከረም መደርደሪያ ላይ መገኘት አለበት። ምርቱ፣ ባሕሩ፣ ጅቡቲና ሞጆ ተደምረው ወራት ስለሚወስዱ ትዕዛዙን በግንቦት ጨርሱ። ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ የቻይናውያን አዲስ ዓመት ይውላል፤ ፋብሪካዎች ለሳምንታት ይዘጋሉ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት በጥድፊያ የሚሠራው ዕቃም ሙጫው በደንብ ሳይደርቅ ይታሸጋል።

የመጀመሪያ ትዕዛዛችሁ 2,000 ፍሬ ከሆነ ሃያ ሞዴል መቶ መቶ አድርጋችሁ አትበትኑት። 1,400 ያህሉን ፈጥነው በሚሸጡ አራት ወይም አምስት መጠኖች፣ 600ውን በከተማው በብዛት በምታዩዋቸው ኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ አድርጉት። በቀን 150 ኪሎ ሜትር የሚነዳ የራይድ ሹፌር 10,000 ኪሎ ሜትርን በ67 ቀን ይሞላል። በአዲስ አበባ አቧራ ከዚያ በላይ ባያቆየው ጥሩ ነው፤ ስለዚህ አንድ የራይድ ሹፌር በዓመት አምስት ፊልትሮ የሚገዛ ደንበኛ ነው።

ትንሹን መሣሪያም መሸጥ ለሚፈልግ፦ የማጣራት አቅሙ በሜትር ኩብ በሰዓት ያልተጻፈበትን ተዉት። ፊልትሮ ሳይኖረው «አዮን (ቻርጅ ያለው ቅንጣት) ይረጫል» ብቻ የሚለውን አትያዙ፤ አንዳንዱ ኦዞን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ በጠባብ መኪና ውስጥ ደግሞ ኦዞን ጉሮሮና ሳንባ ይጎዳል። በካሊፎርኒያ የቤት አየር ማጽጃ ከሚሊዮን የአየር ክፍል 0.050 ክፍል በላይ ኦዞን እንዳያወጣ በሕግ ተከልክሏል፤ ሻጩን በዚህ መለኪያ የተመረመረበትን ወረቀት ጠይቁት። ለእያንዳንዱ መሣሪያ ሦስት መቀየሪያ ፊልትሮ አብራችሁ ካላስመጣችሁ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደንበኛው እጅ ላይ የሚቀረው መብራት ብቻ ነው።

መግጠሙ ቀላል ነው፤ ብዙ ጥሩ ፊልትሮ የሚባክነው ግን እዚህ ነው። ማራገቢያውን አጥፉ። በቪትዝ፣ በያሪስና በኮሮላ የዳሽቦርዱን ኪስ ባዶ አድርጉ፣ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ክንድ አላቅቁ፣ ሁለቱን ጎኖች ወደ ውስጥ ጫን አድርጋችሁ ወደ ታች አውርዱት። ከኋላው ያለውን ረዘም ያለ የፕላስቲክ ክዳን ጫፍና ጫፉን ተጭናችሁ ሳቡ። አሮጌውን ሳታዘነብሉ በቀስታ አውጡ፤ ላዩ ላይ ያለው ቅጠል ከወደቀ ማራገቢያው ውስጥ ይገባና ይንቋቋል። አንዳንድ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ ፊልትሮ ያልገባለት ነው፤ ክዳኑን ስትከፍቱ ባዶ ብታገኙ አትደንግጡ።

የወጣውን ከመጣላችሁ በፊት ጠርዙን ተመልከቱ። መሃሉ እኩል ጠቁሮ ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ በትክክል ተገጥሞ ነበር። በአንዱ ጎን፣ በንጹሑ በኩል፣ እንደ ጥላሸት የተሰመረ ጥቁር መስመር ካለ አየሩ በጎን እያመለጠ ነበር ማለት ነው፦ ፊልትሮው 2 ወይም 3 ሚሊሜትር አንሷል፣ ወይም የጠርዙ ስፖንጅ ተልጧል። ያንን መጠን ዳግም አትግዙ፤ ለሻጩም መስመሩን አሳዩት።

ቀስቶቹ ያምታታሉ። «አፕ» የሚለው ቀስት ወደ ላይ ይመለከታል፤ «ኤር ፍሎው» የሚለው ደግሞ አየሩ የሚሄድበትን ያሳያል፣ በአብዛኛው ቶዮታ ላይ ይህ ወደ ታች ነው። ሁለቱ ተቃራኒ ስለሆኑ የቀስቱን አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተጻፈውን አንብቡ። የካርቦን ፊልትሮ ተገልብጦ ከገባ አቧራው መጀመሪያ ካርቦኑን ይደፍነዋል። ከመክተታችሁ በፊት በፍሬሙ ጠርዝ ላይ ቀኑንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ በማርከር ጻፉ፤ ቀጥሎ የሚከፍተው መካኒክ ሳይገምት ያነበዋል።